መርፌ ቁልፏና የአባዬ ሰደርያ

ታኅሣሥ 2

ይህን ደብተር የገዛሁት የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ዕቅድ ልጽፍበት ነበር። ዕቅዱ ይቆይ። ዛሬ አባዬን ከገጠር በበቅሎ አመጡልኝ።

ትኩሳት፣ ሳል፣ ላብ። ጎናቸውንም ይወጋቸዋል። ገና ከበቅሎዋ ሳይወርዱ ግን ግቢውን ዙሪያውን ገረመሙና «ጽዮን፥ እኛን ጥለሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ የገባሽው ለዚህች ቤት ብለሽ ነው?» አሉኝ። ደስ አለኝ። የመተቸት ዐቅም ካላቸው ገና ናቸው።

እማዬን «ለምን ቶሎ አላመጣሻቸውም?» ብዬ ጮኽኩባት። «መሪጌታን ማን ያዛል? አንቺ እዘዣቸው እስቲ!» አለች። እውነቷን ነው። የማርያምን ደብር ማሕሌት ሲመሩ የኖሩ ሰው፣ ሚስታቸው ጥሩዬ ተነሡ ስላለቻቸው አይነሡም። ጸበሉም ዳማከሴውም ተሞክሯል። «ለጥር ሃያ አንድ ማሕሌት ካደረሰችኝ ሌላ አልፈልግም» ይላሉ ደጋግመው።

ሁለት ውሾች ከገጠር ድረስ በቅሎዋን ተከትለው መጥተው የግቢዬ በር ላይ ተጋድመዋል። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 3

ሆስፒታል ገቡ። ተኙ። ኦክስጅን ተደረገላቸው።

ሐኪሙ ዶክተር ያሬድ ይባላል። ልጅ እግር ነው፣ ጸጉሩን አያበጥርም። ሰውን ሲያናግር ዐይን ዐይኑን ያያል፤ ደስ አይልም። የአባዬን እጅ አገላብጦ ጣታቸው ላይ አንዲት ቁስል አገኘ። ብብታቸው ሥርም ንፍፊት አለ።

«አባቴ፥ ይቺ ምንድን ናት?»

«እሾህ ወግቶኝ ነው።»

«አይጥ፣ የዱር አውሬ፣ የሞተ እንስሳ ነክተዋል?»

አባዬ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «እኔ መሪጌታ ልመንህ ነኝ! ከመቋሚያና ከጸናጽል በቀር ምን እነካለሁ?»

እኔም ተቆጣሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰውን ማክበር የሚባል ነገር እዚያ የተማረበት ቦታ አይሰጥም መሰለኝ። ሲያዳምጣቸው ሰደርያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ጆሮው ላይ የሰካውን ገና ሳይነቅል መልሰው ለበሷት። «ብርድ ይገባኛል» አሉ። በዚያ ላብ!

ታኅሣሥ 5

የራጅ ቀን። ጉድ በጉድ ሆነን ዋልን።

ራጅ የምታነሣው ገነት የምትባል ሳቂታ ልጅ ናት። «አባባ፥ ከወገብ በላይ ያውልቁልኝ» አለቻቸው። ሴት ፊት አልገለጥም አሉ። ጋቢው ወረደ። ኮቱ ወረደ። ሸሚዙ በመከራ ወረደ። ከሸሚዙ ሥር የለበሷት ሰደርያ ላይ ሲደረስ ግን ሁለት እጃቸውን አጣምረው ያዟት። ብንለምናቸው፣ እማዬ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች! ገነት የሰደርያዋን ቁልፎች ዳሰሰችና «ፕላስቲክ ናቸው፤ ግድ የለም ይቁሙ፣ ቆመው መቆየትም አልቻሉም» አለች።

ከዚያ ምስሉ ወጣ። ዶክተሩ ጠርቶ አሳየኝ። የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ያለው ሳንባ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ የአባዬ ግን በሁለቱም በኩል እዚህም እዚያም ነጭ ዳመና አለበት። መሀል ላይ፣ ትልልቆቹ የአየር ቧንቧዎች የሚገቡበት ቦታ ዕጢዎቹ አብጠዋል። በግራ ከታች ትንሽ ውሃ ቋጥሯል። «የሳንባ ምች ነው፤ ግን ዓይነቱ አላማረኝም» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በግራው ሳንባ ላይ ቁልጭ ብላ የምትታይ፣ ጭንቅላቷ ሳይቀር የሚለይ፣ አንዲት መርፌ ቁልፍ አለች።

«አባቴ፥ መርፌ ቁልፍ ውጠዋል?»

አባዬ ጣሪያውን አዩ። «ሰው ሳያውቅ ስንት ነገር ይውጣል» አሉ።

እማዬ ደረቷን መታች። «ነጠላዬን የማያይዝባት! በቅርቡ የጠፋችብኝ! እንጀራው ውስጥ ገብታ ነው! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

አባዬ «ተይ ጥሩዬ፥ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ እኔ እንዳንቺ አላኝክም» ብለው አጽናኗት። አንዳንዴ እንዲህ ለስለስ ይላሉ።

ታኅሣሥ 6

መብራት ጠፋ። ከጎን ሌላ ራጅ ይነሣ ተብሎ ነበር። ጄኔሬተሩ ኦክስጅኑን እንጂ ራጁን አይችለውም አሉ። አባዬ ሲነገራቸው «ተመስገን» አሉ። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባዥራቸው።

ትምህርት ቤት ዘግይቼ ደረስኩ። ልጆቹ አቴንዳንስ ራሳቸው ጠርተው፣ እኔን «ቀሪ» ብለውኛል።

ታኅሣሥ 9

ሴፍትሪያክሶኑ ምንም አልፈየደም። አዚትሮማይሲንም ተጨመረ። ትኩሳቱ ማታ ማታ ይነድዳል፤ ወሬ የማይሰለቻቸው አባዬ ወሬ አስጠላቸው። አክታቸው ተመርምሮ ቲቢ የለም ተባለ። እንቁላል ይብሉ ቢባሉ «በጾመ ነቢያት?» ብለው ዶክተሩን አዩት። እሱም አፈረ። መጀመሪያ ጊዜ ሲያፍር አየሁት፤ ፊቱ የሰው ይመስላል።

አሁን ጥፋተኛዋ መርፌ ቁልፏ ናት። ሳንባ ውስጥ ተቀምጣ እያመረቀዘች ነው፤ ባሕር ዳር ሄዶ መውጣት አለባት፤ በቱቦ እምቢ ካለች በቀዶ ጥገና። ዶክተሩ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰማሁት። ከዚያ ወጥቼ ከውሃው ታንከር ኋላ አለቀስኩ።

ደረታቸው ሊከፈት ነው። የዚያ ሁሉ ዜማ ማደሪያ። እኔ ደግሞ እዚህ ከተማ ተቀምጬ ሳንባ ስንት ክፍል እንዳለው ለሰው ልጅ አስተምራለሁ፤ አባቴ እንዴት እንደሚተነፍሱ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሰደርያቸውን ልጠብላቸው ብል ጮኹብኝ። ጠረኗ ለጉድ ነው። የቆየ አጎዛ ይሸታል። የሆስፒታሉ ድመት ከአልጋቸው ሥር አልነሣ ብላለች፤ ነርሷ በመጥረጊያ ብታባርራት ዞራ ትመጣለች። ድመት እንኳ ሰው መታመሙን ታውቃለች።

ታኅሣሥ 11

ነገ ጠዋት አምቡላንስ። ጥርጊያ መንገዱ፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር።

ደረቱ የሚከፈት ሰው ሳይናዘዝ አይሄድም ብላ እማዬ የነፍስ አባታችንን ቄስ ሞላን አስጠራች። የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ቅኔ ቤት አብረው ለምነው የተማሩ። ጥቂት ይስላሉ። «ብርዱ ነው» አሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው። በግቢዬ በር ሲያልፉ ውሾቹ ብድግ ብለው ጭራቸውን ቆሉላቸው። ቡሩክ ሰው ናቸው፤ እንስሳ እንኳ ያከብራቸዋል።

ሁላችንም ወጣን። በመስኮቱ አየሁ፤ አልሰማሁም፤ ልሰማም አልሞከርኩም። (ሞከርኩ። መስኮቱ ወፍራም ነው።) አባዬ ሲያወሩ ቄስ ሞላ መጀመሪያ አጎንብሰው ያዳምጡ ነበር። ድንገት ቀና አሉ። ፊታቸው ዐመድ ሆነ። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ወሰዱ። የጓደኛ ሐዘን እንዲህ ነው አልኩ።

ሲወጡ «አባ፥ ምን አሉዎት?» አልኳቸው፤ ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ! «ልጄ፥ የሰማሁትን አፈር ይብላኝ እንጂ አልናገርም» አሉ። «የሰጠሁትን ቀኖና ግን ልነግርሽ እችላለሁ። መርፌ ቁልፏን ካለችበት አውጥቶ ላንቺ ይስጥ ብያለሁ።»

«ካለችበት? አባ፥ ሳንባቸው ውስጥ ናት እኮ!»

«እኔ ምንም አላልኩም» ብለው እየሳሉ ሄዱ።

ታኅሣሥ 12

አምቡላንሱ ተመለሰ። ባዶውን። ከየት ልጀምር?

ጎህ ሳይቀድ አባዬ ጠሩኝ። እማዬ ተኝታለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰደርያዋን በአንድ እጃቸው ዘረጉልኝ። «ጥበቢያት» አሉ። ሌላ ቃል የለም።

ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። ከውስጥ በግራ በኩል ገበሩ ተተርትሮ መልሶ ተይዟል። የተያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው። በእማዬ መርፌ ቁልፍ! ፈታሁት። እጄን አስገባሁ። ጠጉር ነካኝ። የጮኽኩትን ጩኸት ዘበኛው ጅብ መስሎት ድንጋይ ይዞ መጣ።

የጥንቸል ቆዳ ነው። ግራጫ፣ ጆሮው ሳይቀር።

ተመልሼ ገባሁ። «አባዬ!» ከዚያ ሌላ አልወጣልኝም። አባዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከውስጥ ሆነው ተናገሩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለተስካር ታች ጋይንት ሄደው ሳለ አርብ ገበያ አንድ ሰው ለደረት ብርድ ፍቱን ነው፣ ከልብ ትይዩ ይለበሳል ብሎ ሸጠላቸው። ቆዳው እርጥብ ነበር። ጭድ ቤት ተደብቀው በቢላዋ ሲፍቁት ጣታቸውን ቆረጣቸው፤ ጠጉሩና አቧራው ደግሞ አፍና አፍንጫቸው ገባ።

«ሥጋውን ግን አልቀመስኩም! በማርያም!»

«አባዬ፥ ሳንባዎት ሊቀደድ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር እኮ! ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ልበል? መሪጌታ ልመንህ ጥንቸል ለብሶ መቅደስ ደጅ ቆመ ይባል? በላ ነው የሚሉኝ፤ ለበሰ የሚል ሰው የለም። ተማሪዎቼ በዜማ ይሰድቡኛል። ቢቀድዱኝ ይሻለኛል።»

ልስቅ ነበር፣ አለቀስኩ። ላለቅስ ነበር፣ ሳቅሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ እያልኩ በአሥራ አምስት ክንድ የሚሸት አውሬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድመቷን አመሰገንኩ! እጄን በሳሙና እስኪላጥ ታጠብኩ።

ታኅሣሥ 13

ቆዳውን በድርብ ፌስታል አድርጌ ለዶክተር ያሬድ ወስጄለት ነበር። ያየኛል፣ ፌስታሉን ያያል፣ ያየኛል። ከዚያ ስልኩ ላይ ተደፋ፤ ያስተማረውን ሰው ጎንደር ድረስ ደወለ። ቱላሪሚያ ይባላል፤ የጥንቸል ትኩሳት ነው። በቁስል ይገባል፣ በአቧራ ይተነፈሳል። ጣት ላይ ቁስል፣ ብብት ሥር ንፍፊት፣ በራጁ ላይ እዚህም እዚያም ዳመና፣ መሀል ላይ ያበጡ ዕጢዎች፣ የቋጠረ ውሃ፤ ሁሉም ተገጣጠመ። ቲቢም የሚያስመስለው ይኸው ነው። «ማረጋገጫ ምርመራው እዚህ የለም፤ ግን ውጤት እየጠበቅሁ አልቀብራቸውም» አለ። ሴፍትሪያክሶን ለዚህ በሽታ ምንም አያደርግለትም። ጄንታማይሲን ዛሬውኑ ተጀመረ፤ ለዐሥር ቀን።

ጄንታማይሲን ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል እየተከታተልን እንሰጣለን ሲላቸው አባዬ መርፌውን በእጃቸው መለሱት። «ጆሮዬን ከወሰደብኝ ሳንባውን ምን አደርገዋለሁ?»

ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «መሪጌታ፥ በየቀኑ ጠዋት እፈትንዎታለሁ። እርስዎ ያዜሙ፣ እኔ ልክ ነኝ ወይ ብዬ እደግመዋለሁ። ስሕተቴን ከሰሙ ጆሮዎ ደኅና ነው።»

ተስማሙ። የዛሬው ፈተና ላይ ዶክተሩ ሲያዜም በሽተኛው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የአባዬ ጆሮ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ታኅሣሥ 16

ወረደ! ትኩሳቱ ወረደ!! ሽሮ ጠየቁ። ጨው አነሰው ብለው እማዬን ተቆጡ። እማዬ በደስታ እልል ልትል ስትል ነርሷ አፏን ያዘቻት።

አዲስ ጫማ ገዛሁ። የድሮው ስለተላጠ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ታኅሣሥ 22

ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ዶክተሩ በሩን ዘጋ። ስም ሳልጠራ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለብኝ፤ ቆዳ ሻጩን ይፈልጉታል አለ። «ግን አባቴ፥ አብሮዎት የገዛ ሌላ ሰው አለ?»

አባዬ ጣሪያውን አዩ። «የለም።»

እኔ የዚያን ጣሪያ ምልክት አሁን ዐውቀዋለሁ። ግን ዝም አልኩ። ገና መዳናቸው ነው፣ ደስ ብሏቸው ይውጡ አልኩ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣ ምን ዓይነት መምህር?

ውሾቹ ከግቢዬ በር ጠፍተዋል። ሰደርያዋም ታጥባ ነፋስ ላይ ነች፤ ቆዳው በሆስፒታሉ ምድጃ ተቃጥሏል።

ጥር 9

ሁለተኛው ራጅ። አባዬ አሁን ሰደርያቸውን ሳይጠየቁ አውልቀው ለገነት አስረከቧት። ዳመናው ሊገፈፍ ትንሽ ቀርቶታል፣ ዕጢዎቹ ሟሽሸዋል፣ ውሃው የለም። መርፌ ቁልፍማ ከየት ትምጣ!

እዚህ ጋ ነው ነገር የተበላሸ። እማዬ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «መርፌ ቁልፏ የለችም!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። የሰደርያዋን ነገር ለእማዬ አልነገርናትም ነበር፤ አምቡላንሱ የቀረው ሌላ መድኃኒት ስለተገኘ ነው ብለናት ነበር። ማታ ላይ መካነ ኢየሱስ በሙሉ ሰማ። መሪጌታ የዋጧት መርፌ ቁልፍ በማርያም ጸበል ሟሟች።

ጥር 14

ከወገዳ ድረስ ሰው መጣ፣ የአባዬን ደረት ሊሳለም። አንዲት ባልቴት ልጄ ሳንቲም ውጧል ብላ እጃቸውን አስጭናው ሄደች። አባዬ ሰው በመጣ ቁጥር ጋቢ ይከናነባሉ።

የደብሩ አለቃ ደግሞ መልእክት ልከውላቸዋል። ጥር ሃያ አንድ ላይ ተአምሩ በዐውደ ምሕረት ይነገራል።

«ያው እርስዎን አይነካም፤ ዝም ይበሉ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ይጻፍ።

«ስለ ራሴ ብዋሽ እኔና ቄስ ሞላ እንጨርሰዋለን» አሉ። «በእመቤታችን ስም ግን?» ምሳቸውን መለሱት። ጨው አነሰው አላሉም።

ጥር 21

ገጠር ወርጄ ማሕሌቱን ሰማሁ። አባዬ መርተው አነጉ። አንድ ሁለት ቦታ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ድምፃቸው ግን ያው የአባዬ ነው። ከጎናቸው የቆሙት ቄስ ሞላ በየመሀሉ በጋቢያቸው ሥር ይስሉ ነበር። ከስተዋል። በደጀ ሰላሙ በር ሁለት ውሾች ተጋድመዋል።

አለቃው ተአምሩን ሊናገሩ ሲነሡ አባዬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀደሟቸው።

«መርፌ ቁልፏ አልሟሟችም» አሉ። «ቤቴ አለች፤ ትናንት ለጥሩዬ መልሰንላታል፤ ነጠላዋን ታያይዝባታለች።»

አንዲት ሴት እልልታዋን ጀምራ ነበር፤ መሀል ላይ ቆረጠችው።

«አልዋጥኳትም። ሰደርያዬ ውስጥ የጥንቸል ቆዳ ይዛ ነበር።» ጉርምርምታ ተነሣ። «አዎ! ጥንቸል! ለደረት ይሆናል ብሎኝ አርብ ገበያ ከአንድ ሰው ገዛሁት። ሳንባዬን ያቃጠለው ያው ነው። ያዳነኝ ፈጣሪ ነው፤ በዚያ ዜማ በማይችል ሐኪም እጅ። የማርያም ተአምር ሞልቷል፤ የእኔን ውሸት አትጨምሩበት። አሁን የምለውን ስሙ፦ በዚያ ገበያ ቆዳ የገዛሁት ብቻዬን አልነበርኩም። ማን እንደገዛ አልናገርም። ቆዳው ያለው በእጁ አይንካው። የሚስል ሐኪም ቤት ይሂድ። የኔ ሳንባ ብቻ ድኖ ጓደኞቼን ብቀብር ለማን ነው የማዜመው?»

ከዚያ እንደማንኛውም ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ከኋላዬ አንዱ ጎረምሳ ጥንቸል ብሎ ሳቀ። ዞሬ አየሁት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ሳቁን ዋጠው።

አባዬን እንደዛሬ ወድጄያቸው አላውቅም። ይህንንም ነገርኳቸው። «ይልቅ ብርድ መታኝ፣ ሰደርያዬን አምጪ» አሉኝ።

ጥር 22

ወደ ከተማ ተመልሼ ገና ሻይ ሳልጥድ ግቢዬ በር ላይ ውሻ ጮኸ። እነዚያ ውሾች ናቸው። ምን ቀራቸው እዚህ ብዬ ከፈትኩ።

ቄስ ሞላ ቆመዋል። ከኋላቸው የደብሩ አለቃ። ከአለቃው ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች። ሁሉም ሰደርያቸውን አውልቀው፣ ብርዱ እያንዘፈዘፋቸው፣ እያንዳንዳቸው ከገላቸው አርቀው ፌስታል በዱላ ጫፍ አንጠልጥለዋል።

ያን ቀን በመስኮቱ ያየሁት ፊት ትዝ አለኝ። እጃቸውን ወደ ደረታቸው የወሰዱት ለጓደኛቸው አዝነው አልነበረም።

«አባ፥ እርስዎም?»

«እኔም» አሉ ቄስ ሞላ። ሳላቸው አቋረጣቸው፤ ጠበቅኋቸው። «ሲናዘዝልኝ እኔም ለብሼው ነበር። ቀኖና ሰጥቼው የራሴን ይዤ ወጣሁ። ትናንት በዐውደ ምሕረቱ ግን አባትሽ ነው ያናዘዘኝ።» ዐይናቸውን ጠረጉ። «በይ ልጄ፥ ያ ዶክተርሽ ዛሬ ተረኛ ነው?»

የኔ አይደለም ልል ነበር። ጊዜ የለንም። ተረኛ ነው አልኩና አዲሱን ጫማዬን አጥልቄ ከፊት ከፊት መራኋቸው፤ ውሾቹ እስከ ሆስፒታሉ በር ተከተሉን።